ጉድጓድ ሲቆፈር ጨውም ይለካ፦ ለድሬዳዋ የግብርናና የውሃ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

የድሬዳዋን ግብርናና ውሃ በኃላፊነት ለያዛችሁ፣ በገጠር ቀበሌዎቻችን ፀሐይና አቧራ ችላችሁ ለምትሠሩ የልማት ሠራተኞች፣ ጉዳዩ ያገባኛል ለምትሉ የከተማችን ሰዎችም ሁሉ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ማሳ ላይ ስለሚቀር ጨው ነው። ጥያቄዬን መጀመሪያውኑ ልናገርና ምክንያቴን ቀስ ብዬ ላስረዳ። ለመስኖ ጉድጓድ ሲቆፈር በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ይለካል። ውሃው ውስጥ ስንት ጨው እንዳለም ይለካና ውጤቱ ለገበሬው በእጁ ይሰጠው። ከዚያ አፈሩም በየዓመቱ ይለካ። ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ከከተማው ወደ ሜዳው ወረድ ብሎ የቤተሰባችን ማሳ አለ። አሁን የሚያርሰው አጎቴ ነው። ድሮ ዝናብ እየተጠበቀ ማሽላ የሚዘራበት መሬት ነበር። ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፕ ሲገባ ሽንኩርትና ቲማቲም ተጀመረ፣ ጥግ ጥጉን ደግሞ ብርቱካንና ማንጎ ተተከለ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግሩም ነበሩ። ያ ፓምፕ የአጎቴን ልጆች አስተምሯል፣ ቤቱን በቆርቆሮ አስከድኗል፤ ስለዚህ መስኖን የምቃወም ሰው አልምሰላችሁ። በኋላ ግን የሽንኩርቱ መደብ አናት ላይ ነጭ ነገር መታየት ጀመረ። ውሃ በጠጣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ጎልቶ ይታያል። በጣታችሁ ነክታችሁ ብትቀምሱት ጨው ነው። የብርቱካኑ ቅጠል ከጫፉ እየተቃጠለ መጣ። ሽንኩርቱም እኩል አይበቅልም፤ እዚህ ጋ ያምራል፣ ሁለት እርምጃ አለፍ ስትሉ ራቁት መሬት ነው። ከማሳው ታችኛው ጫፍ ያለው ቁራጭ አሁን ምንም አያበቅልም።

ጉድጓዱ ሲመረቅ እኔም ነበርኩ። ስለ ጥልቀቱ ተነገረን፣ ስለ ሊትሩ ተነገረን፣ ስንት አባወራ እንደሚጠቀም ተነገረን፣ ተጨበጨበ። ስለ ጨው የተነፈሰ ሰው አልነበረም። ተለክቶ ይሁን ሳይለካ፣ እስከ ዛሬ ወረቀት ያሳየን የለም። ማን እንዳስቆፈረው አላነሳም፤ የሚያሳስበኝ አሠራሩ ነው፣ በሌላም ቦታ እንዲሁ እንደሚደረግ ከሌሎች ገበሬዎች ሰምቻለሁና።

ጨው ከየት መጣ? ከራሱ ከመስኖው ውሃ። የከርሰ ምድር ውሃ ሁሉ፣ ለምላስ የሚጥመውም ጭምር፣ የሟሟ ጨው ይዟል። ከኛ በስተደቡብ ካለው ተራራ ላይ ሰርጎ በድንጋዩ ውስጥ እየተጓዘ ወደ ሺኒሌ ሜዳ ሲወርድ፣ በመንገዱ ማዕድን እየለቀመ ነው የሚመጣው። ማሳ ላይ ሲፈስ ተክሉ ውሃውን ይጠጣል፣ ፀሐይም ውሃውን ትወስዳለች። ጨው ግን አይተንም፤ እዚያው ይቀራል። የድሬዳዋ ሰው ይህን ለማመን የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍቶ ውስጡን ማየት ይበቃዋል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የውሃ ጨው የሚለካው ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አቅሙ ነው፤ መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። 1 ዴሲሲመንስ ማለት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ በግምት 640 ሚሊግራም የሟሟ ጨው አለ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ውሃ ሰው ይጠጣዋል፤ ብዙዎቻችን ጨው እንዳለው እንኳ አንለይም። አሁን አንድ ሄክታር አትክልት በዓመት ውስጥ በሁለት ዙር ምርት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ጠጣ እንበል፣ በኛ ሙቀት ይህ የተጋነነ አይደለም። በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ 640 ግራም አለ። ስታባዙት 6,400 ኪሎ ይመጣል። 64 ኩንታል ጨው ማለት ነው! በአንድ ሄክታር፣ በአንድ ዓመት ብቻ። ማንም ገበሬ 64 ኩንታል ጨው በጋሪ አስጭኖ ማሳው ላይ አያስደፋም። በቦይ ሲገባ ግን ስለማይታይ ዝም ይባላል።

ዝናብ ያጥበዋል የሚል አለ። ደጋ ላይ አዎ። እኛ ግን 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፤ በዓመት የሚዘንብልን 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ፀሐይዋ ልታተን የምትችለው ደግሞ ከዚህ በእጥፍ ይበልጣል። የሚዘንበውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዶፍ ሆኖ ከተራራው ይወርድና አሸዋውን ይዞ ያልፋል፤ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በ1998 ክረምት ምን እንዳደረገን ማን ይረሳል? ቀስ ብሎ ወደ አፈሩ ሰርጎ ጨውን ወደ ታች የሚያወርደው ውሃ ጥቂት ነው።

ስለ ማንቆርቆሪያው ግን አንድ ነገር ላስተካክል። እዚያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በአብዛኛው ከካልሲየም የሚመጣ ኖራ ነው። ካልሲየም ለአፈር ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም አፈሩ ፍርፍር ብሎ አየርና ውሃ እንዲያስገባ ይረዳዋል። አስቸጋሪው ሶዲየም ነው። ውሃው ማሳ ላይ ሲተን ካልሲየሙ ኖራ ሆኖ ከውሃው ይወጣና የሶዲየሙ ድርሻ ከፍ ይላል። ሶዲየም የበዛበት ሸክላ አፈር ሲረጥብ ይላቁጣል፣ ሲደርቅ ዶማ አይበሳውም፣ የጠጣው ውሃ ከላይ ተኝቶ ይውላል። ስለዚህ ውሃው ለእርሻ ይሁን አይሁን በማንቆርቆሪያ አይታወቅም፣ በምላስም አይታወቅም። ሁለት ጎረቤት ጉድጓዶች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። መለካት የግድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ገበሬው ሳይነገረው ሲቀር የሚያደርገው ነገር ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ቅጠሉ ይጠወልጋል። አፈሩ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉ ግን ይጠወልጋል፤ ጨው በበዛበት አፈር ውስጥ ሥሩ ውሃውን ስቦ ማውጣት ያቅተዋል። ገበሬው የጠማው ይመስለውና ሞተር ያስነሳል፣ ነዳጅ በዚህ ዋጋ፣ አዲሱ ውሃም አዲስ ጨው ይዞ ይመጣል። ቅጠሉ ይገረጣል። ማዳበሪያ አንሶት ነው ይባልና ማዳበሪያ ይጨመራል፣ እሱም ሲሟሟ በአፈሩ ውሃ ላይ ጨው ይጨምራል። አልሆን ሲል ተባይ ነው ይባልና መድኃኒት ይረጫል። አጎቴ ይህን ሁሉ አድርጓል፣ ለሁሉም ገንዘብ አውጥቷል። «አቦ፣ መሬቱ ታሟል፤ ምን እንደሚያመው የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት» አለኝ። በሽታውን ሳያውቅ ነው እንግዲህ በየዓመቱ መድኃኒት የሚገዛው።

ስለ ሰብሉም ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ትልቅ ስህተት ያለ ይመስለኛል። በአፈር ሳይንስ አንድ አፈር ጨዋማ የሚባለው መለኪያው 4 ዴሲሲመንስ ሲያልፍ ነው። ሽንኩርት ግን የአፈሩ ጨው 1.2 ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፣ 4.3 ሲደርስ ግማሹ ሄዷል። ፎሶሊያ 1 ላይ ይጀምራል። በቆሎ 1.7፣ ቲማቲም 2.5። እንግዲህ አፈሩ ጨዋማ የሚለውን ስም በወረቀት እስኪያገኝ ብንጠብቅ፣ የሽንኩርት ገበሬው ግማሽ ምርቱን ወደ ማጣት ተቃርቧል ማለት ነው። ማሽላ በአንጻሩ እስከ 6.8 ድረስ ምንም አይሆንም። ጥጥ 7.7 ድረስ ይችላል። ተምር 4 ላይ መቀነስ ቢጀምርም ግማሽ ምርቱን የሚያጣው 18 አካባቢ ሲደርስ ነው። ልብ በሉ፣ መስኖ ሲመጣ ጨው የሚችለውን ማሽላ አስወጥተን ጨው የማይችለውን ሽንኩርት አስገባን፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ ጨው በቦይ ማስገባት ጀመርን። ሽንኩርት ገበያ አለው፣ ገበሬው ለምን ይተወዋል? አይተወው። ግን የውሃውን ቁጥር ቢያውቅ ኖሮ የትኛው ማሳ ላይ ሽንኩርት፣ የትኛው ላይ ማሽላ፣ የትኛው ዳር ላይ ተምር እንደሚያዋጣው ራሱ አስልቶ ይወስን ነበር።

ጉዳቱ ማሳው ላይ ብቻ አይቀርም። መሬቱ ራቁቱን ሲቀር የመጀመሪያው ዶፍ ይቦረቡረዋል፣ ነፋሱ አቧራውን ያነሳዋል። ሳሩ ስለሚጠፋ ፍየሉና በጉ የሚግጠው ያጣል። ገበሬው የተወውን ቦታ ደግሞ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ ይይዘዋል። ጨውም ድርቅም አይበግረውም፣ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ እሾሁ ከብት አያሳልፍም። አንዴ ከያዘ ማስለቀቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አፋርን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ከተማ ውስጥ ሆነን የገጠሩ ልጅ ለምን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይጎርፋል እንላለን፤ አንዳንዱ አባቱ የሚያርሰው መሬት ስላለቀበት ነው።

ምን ሊመጣ እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሄደ ሁሉ መተሐራ ጋ በሰቃ ሐይቅን አይቶታል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ነው፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፣ መንገዱና ሐዲዱ በሱ ምክንያት ከፍ ተደርገው ተሠርተዋል። ውሃው ጨዋማ ነው፤ በዙሪያው ያለውን የግጦሽና የእርሻ መሬትም ይዞታል። ለምን እንደሰፋ ባለሙያዎች ይከራከራሉ፤ ገሚሱ ከዙሪያው መስኖ የሚሰርገው ውሃ ነው ይላል፣ ገሚሱ ከመሬት ውስጥ የሚመነጨውን ያነሳል። አሚባራ ላይ ግን ክርክር የለም። መካከለኛው አዋሽ ላይ ለጥጥና ለሙዝ ሰፋፊ መስኖ ሲጀመር የከርሰ ምድሩ ውሃ ከ10 ሜትር በታች ነበር። ውሃ ያለ ልክ ተለቀቀ፣ ትርፉ ውሃ ከማሳው የሚወጣበት የማጠንፈፊያ ቦይ አልተሠራም። ብዙ ዓመት ሳይቆይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ መጣ፣ ለአፈሩ ገጽ ከ2 ሜትር ያነሰ ሲቀረው ጨውን ይዞ በራሱ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር መሬት ተጥሎ ቀረ። በኋላ መልካ ሳዲ ላይ ከመሬት በታች ቧንቧ ተቀብሮ ማጠንፈፍ ተሞከረ፤ የሚሠራ ነገር መሆኑ ታየ፣ ግን መጀመሪያውኑ ቢሠራ ኖሮ ወጪው የት ይገናኛል?

የኛ ሜዳ አሚባራ አይደለም። እዚህ ብዙ ቦታ ውሃው የሚገኘው በአሥሮች ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፤ ከታች የሚመጣ ጨው ገና አያሰጋንም። ይህ ዕድል ነው። የኛ ጨው ከላይ በፓምፕ የሚገባው ስለሆነ በጊዜ ከተለካ መቆጣጠር ይቻላል። ግን ውሃውን ከሚተካው በላይ መሳብ ከቀጠልን፣ ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ የባሰ ጨዋማ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ሐረርም የምትጠጣው ከዚሁ ሜዳ ከድሬ ጃራ በሚሳብ ውሃ ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ በዓይናችን ፊት ደርቆ ያየን ሰዎች ነን፤ ውሃ አያልቅም ብሎ የሚያስብ ሰው እዚህ አካባቢ የሚኖር አይመስለኝም።

አሁን የሚቀርብልኝን መልስ እገምታለሁ። «ጠብታ መስኖ እያስገባን ነው» ትሉኛላችሁ። በጣም ጥሩ ነው፣ ውሃ ይቆጥባል፣ እደግፋለሁ። ብቻውን ግን ጨውን አያስወግድም። ጠብታው ያረጠበው ክብ ዳር ላይ ጨው ይሰበሰባል፤ ዝናብ ሲመጣ ጨዉ ወደ ሥሩ ይታጠባል፣ በሚቀጥለው ዙር ችግኙ ቦታ ሲቀይርም ሥሩ በቀጥታ እዚያ ውስጥ ይገባል። በማንኛውም መስኖ ቢሆን ከተክሉ ፍላጎት ትንሽ የሚተርፍ ውሃ ሰጥቶ ጨውን ከሥሩ በታች ማውረድ ያስፈልጋል፤ የታጠበው ውሃ ደግሞ የሚሄድበት መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ የቦይ በጀት ሲያዝ የማጠንፈፊያው በጀት አብሮ ይያዝ። «በኋላ ይሠራል» የተባለ ማጠንፈፊያ አሚባራ ላይ ምን እንዳመጣ አይተናል።

ካልሲየም ስላለበት ማዕድን፣ ስለ ጂፕሰምም ጥንቃቄ ይኑር። ጂፕሰም የሚረዳው ሶዲየም የበዛበትን አፈር ነው፤ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ተክቶ ያስወጣዋል፣ ከዚያ በውሃ ይታጠባል። ተራ ጨው ብቻ ለበዛበት አፈር ጂፕሰም ማልበስ ገንዘብ ማባከን ነው፤ እሱ የሚፈልገው እጥበትና ማጠንፈፊያ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ነው። ሳይመረመር ለሁሉም እኩል የሚታደል ነገር እንዳይመጣብን እለምናለሁ።

ዛሬውኑ ያለ ብዙ ወጪ የሚደረግም አለ። በቦይ ሲጠጣ ጨው ወደ መደቡ አናት ይወጣል፤ ችግኙን አናቱ ላይ ከመትከል ጎኑ ላይ፣ ለውሃው ቀረብ አድርጎ መትከል ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ማሳውን በደንብ ደልድሎ ውሃው እኩል እንዲዳረስ ማድረግ፣ አፈሩን በገለባ መሸፈን፣ ፍግና ኮምፖስት ማብዛት። የልማት ሠራተኞቻችን ይህን ለማስተማር አቅም አላቸው። አንድ የልማት ሠራተኛ ግን የጨው መለኪያ በእጁ ሳይኖር ገበሬው ፊት ቆሞ ምን ይበል? መለኪያዋ ኪስ ውስጥ የምትገባ ዕቃ ናት። ከአንድ የውሃ ፓምፕ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ዋጋም የላትም።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። በየቀበሌው ላለ የልማት ሠራተኛ አንዳንድ መለኪያ ይሰጠው፣ አጠቃቀሙንም ይሠልጥን። አዲስ የመስኖ ጉድጓድ የጨው፣ የሶዲየምና የባይካርቦኔት (ካልሲየሙን ኖራ አድርጎ ከውሃው የሚያስወጣው) ምርመራው ሳያልቅ ፓምፕ አይረከብ። ውጤቱ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ተጽፎ ለገበሬው ይሰጥ፣ በቀበሌው ሰሌዳም ይለጠፍ፤ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን «በዚህ ውሃ ይህን ዝራ፣ ያንን አትዝራ» የሚል ምክር ይኑርበት። ከዚህ በፊት የተቆፈሩትም ተራ በተራ ይለኩ። በየመስኖው ላይ ቋሚ ነጥቦች ተመርጠው አፈሩ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከበልግ ዝናብ በፊት ይመርመር። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ የአፈር ባለሙያ አለው፣ ላቦራቶሪ አለው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልጉ ተማሪዎችም አሉት። አብራችሁ ብትቀመጡ ሥራው ከባድ አይሆንም።

በድርቅ ዘመን፣ የሚጠጣ ውሃ ባልተዳረሰበት አገር የአፈር ጨው ቅንጦት ነው የሚለኝ ካለ፣ ለጉድጓድ ቁፋሮ የሚወጣውን ገንዘብ ያስብልኝ። ያ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው መሬቱ ለብዙ ዘመን እንዲያመርት ተብሎ ነው። ሳንለካ ካጠጣነው ጥቂት ዓመት አምርቶ ይቆማል፤ የገበሬው ኑሮ ደግሞ ፓምፕ ሳይመጣለት ማሽላ ይዘራ ከነበረበት ጊዜም ይብሳል፣ ምክንያቱም ያኔ ቢያንስ አፈሩ ጤነኛ ነበር።

አጎቴ ከማሳው ላይኛውና ታችኛው ጫፍ የአፈር ናሙና፣ ከጉድጓዱም ውሃ ሊሰጥ ፈቃደኛ ነው፤ ጎረቤቶቹም እንዲሁ። እኔ ራሴ በንጹሕ ዕቃ፣ ስምና ቦታ ጽፌ አመጣለሁ። ለየትኛው ቢሮ፣ በየትኛው ቀን እንደማስረክብና የምርመራው ክፍያ ስንት እንደሆነ በይፋ አሳውቁን፤ ከኔ በኋላ የሚመጡ ብዙዎች አሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ